ቋጠሮውን ማን ፈታው?

ጂንካ ውስጥ ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሴ አጭር ነው። «የአንዲት የሆላንድ ሴትዮ ቀን እቆጥራለሁ» እላለሁ። ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ጨዋታውም ወደ ሌላ ይዞራል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር በደረሰብኝ ጊዜ እንጀራዬ ይኸው ነበር።

ሴትዮዋ ማሪከ ትባላለች። በአካል አግኝቻት አላውቅም። ሥራዋ የድርጅት ኃላፊዎችን ስለ ጊዜ አጠቃቀም ማሠልጠን ነው። ደንበኞቿ በየኢሜይላቸው «አንቺ እኮ አንዲት ደቂቃ አትዛነፊም» እያሉ ያሞካሿታል። ኢሜይሎቹን የማነባቸው እኔ ነኝ። ከማን ጋር መቼ እንደምትነጋገር ካላንደሯ ላይ የምሞላው፣ የተጋጨውን ቀጠሮ የማዛውረው፣ ሠልጣኞቿን በቪዲዮ ስብሰባው መግቢያ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ የማስገባውም እኔው ነኝ፤ ያውም ከጂንካ፣ ከእናቴ ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ክፍል። አንድ ቀን ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣበትን ሰዓት ረስታ ያስታወስኳት እኔ ነኝ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ከዚያ በፊት መምህር ነበርኩ። ማስተማሩን ትቼ ስወጣ ያላዘነልኝ ጎረቤት አልነበረም። «ኤልያስ ምን ነካው? ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል» ተባለልኝ። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃው በዚያው ወር መጨረሻ ነበር። ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካላለፍኩ ደግሞ ጎረቤቶቼ እውነታቸውን ነበር ማለት ነው። ለሙከራ ሠራተኛ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። ከጎፋ መጥቶ ጂንካ የከተመ ነጋዴ ነበር። ከአሪ ገበሬዎች የቡና ገለባ እየገዛ ካኮና ዲመካ ገበያ ወስዶ ይሸጥ ነበር፤ ሐመሮች ገለባውን አፍልተው ይጠጡታል። አንድ ክረምት ወባ መንገድ ላይ ጣለውና ኦይታ የሚባል ሐመር አግኝቶ ወደ ቤቱ ወሰደው። አባቴ እዚያ አሥር ቀን ተኝቶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ፤ ይህ ወዳጅነት ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። በኦይታ ዘመድ አዝማድ ውስጥ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ደርሶ ከብት ሲዘል አባቴ ይጠራ ነበር።

አጠራሩ በወረቀት አይደለም። ልጥ ይላካል፤ የተቋጠረ ልጥ። የተጠራው ሰው በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ የመጨረሻውን የፈታ ዕለት ዝላዩ ነው። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፣ ደብተርም አልነበረውም፣ ግን ለተጠራበት ዝላይ አንድ ቀን ቀድሞም ዘግይቶም አያውቅም። ይህንን ራሱ እየደጋገመ ሲነግረን ነው ያደግነው። ለሰዓት አክባሪነት ሥራ ስቀጠር «በደሜ ውስጥ ያለ ነገር ነው» ብዬ ተኩራርቻለሁ።

አባቴ ካረፈ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ የወጣው የኦይታ ወንድም ልጅ ዋሌ በራችን ላይ ቆመ። እጁ ላይ ልጥ አለ። ተቀብዬው ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፤ እሱ ግን አልፎኝ ገብቶ ለእናቴ ሰጣት። ለታላቅ ማክበሩ ነው ብዬ አለፍኩት።

«የኦይታ ልጅ ጊኖ ሊዘል ነው» አለ ዋሌ። «ነገ ጀምሩ።»

«እመጣለሁ በለው» አልኩት።

«ና። ከዚህ ቤት ሰው ካልመጣ ወዳጅነቱ ከአባትህ ጋር ተቀበረ ይላል ኦይታ።»

እናቴ ልጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጸሎት የማይቀርባት የወንጌል አማኝ ናት፤ ስለ ከብት ዝላይ ሲነሣ አፏን ሸምቀቅ ታደርጋለች። እንዲህ ያለውን ነገር እሷ ቤት ውስጥ ማየት አትወድም ብዬ ልጡን አነሣሁና ከላፕቶፔ በላይ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

ቋጠሮዎቹን አልቆጠርኳቸውም። ካላንደር ላይም አላስገባሁትም። የሰው ቀን በደቂቃ እየከፋፈልኩ ስውል ቢያንስ አንዲት የራሴ ቀን እንደ አባቴ ወግ ትምጣ ብዬ ነው። ትዕቢት ነበር፤ ያኔ ግን ጥበብ መስሎኝ ነበር። እሑድ አንድ ፈታሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሥራ ልጀምር ስቀመጥ፣ መጀመሪያ አንድ ቋጠሮ እፈታና ወደ ማሪከ ካላንደር እገባለሁ።

ሐሙስ ዕለት ፈትቼ ቀና ስል ሁለት ቀርቷል። ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለተኛውን እፈታለሁ ማለት ነው። ቅዳሜ ሥራ የለም! እግዚአብሔር ራሱ ካላንደሬን ያስተካከለልኝ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ገብቼ ቀና ብል ሚስማሩ ላይ ያለው ቋጠሮ አንድ ብቻ ነው።

ትናንት ሁለት ነበር። ወይስ አልነበረም? ዓይኔን አሻሸሁ። ልጡን አወረድኩት፣ አገላበጥኩት። አንድ ነው። ከኔ ትውስታና ከልጡ የቱን ልመን? አባቴ ልጥ ተጠራጥሮ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ ነው አልኩ። ዝላዩ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ አሁን ከተነሣሁ እደርሳለሁ።

ችግሩ በዚያው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሪከ የዓመቱን ትልቅ ሥልጠና ትሰጣለች። በሩ ላይ ቆሜ አርባ ሰው የማስገባው እኔ ነኝ። ርዕሱ «አንዲት ደቂቃ እንዳትባክን» ይላል። እውነቱን ልጽፍላት ጀመርኩ። «ውድ ማሪከ፣ ከገመዴ ላይ አንድ ቋጠሮ ስለጠፋ…» ብዬ አነበብኩትና አጠፋሁት። ከዚያ ጂንካ ላይ የሚኖር ማንኛውም ሰው የሚዋሸውን ውሸት ዋሸሁ። በአካባቢያችን ምሰሶ ስለወደቀ ኔትወርክ እስከ ማታ እንደሚቋረጥ፣ እንዳዘንኩ ጻፍኩላት።

ወዲያው መለሰች። «አይዞህ፣ ይገባኛል፣ ራስህን ጠብቅ» ትላለች፤ ከጎኑ ቀይ ልብ አለው። ምሰሶው ወድቆ ሳለ መልእክቱ በምን እንደደረሳት አልጠየቀችም። እውነቱን ማሰማመር ያቃተኝ ሰውዬ፣ ውሸቱ በሁለት መስመር አለፈልኝ።

የመጨረሻዋን ቋጠሮ ፈትቼ፣ ባዶውን ልጥ ኪሴ ከትቼ፣ አንድ ማዳበሪያ የቡና ገለባ አሸክሜ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ኔትወርኩ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ሆኖ አያውቅም። ካኮ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ቀይ አፈር ላይ ጮኸ፤ ዲመካ ስንደርስ የማሪከ ሠልጣኞች «በሩ አልተከፈተልንም» እያሉ ይጽፉልኝ ነበር። ስልኬን ዘጋሁት። ከዲመካ ኦይታ ቤት ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ነው፤ ገለባው ጀርባዬን እየቆረቆረኝ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ፣ የሰው ጫጫታና የቃጭል ድምፅ እጠብቃለሁ።

ምንም የለም። ጸጥ ያለ ነው። ሽማግሌው ኦይታ በከብቶቹ በረት አጠገብ በርኩማው ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«ኤልያስ። መጣህ?»

«መጣሁ አባ ኦይታ። ሰዎቹ የታሉ?»

«የቱ ሰዎች?»

«የዝላዩ!»

ኦይታ ረጋ ብሎ ዙሪያውን አየ። «ፍየል አለ» አለኝ።

ማዳበሪያዬን ጣልኩና ከኪሴ ባዶውን ልጥ አውጥቼ አሳየሁት። ተቀብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ከጎጆው መግቢያ ላይ የራሱን ልጥ አወረደ፤ ለካ ጠሪውም አንድ ለራሱ ያስቀራል።

«አሥራ ሁለት ቋጠርኩ» አለ። «አንተም አሥራ ሁለት። ስድስት ቀን ሄደ። የእኔ ስድስት አለ። የአንተ የለም።»

«በየቀኑ አንድ አንድ ነው የፈታሁት አባ ኦይታ። እምልልሃለሁ።»

ኦይታ አንዴ ባዶውን፣ አንዴ የራሱን ልጥ አየ። «ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም። እናቴ ብቻ።»

ሽማግሌው ጭኑን መታ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ሁለት እጅ!» አለ። «አንድ ልጥ ላይ ሁለት እጅ!»

«እናቴ? እሷ ይኼን ነገር አትወድም እኮ።»

«አትወድም። ትፈታለች።» ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቀጠለ። «አባትህ ቋጠሮ አልፈታም። እሱ መንገድ ነው። ካኮ ነው፣ ዲመካ ነው። ልጥ እኛ ለሚስት ነው የምንሰጥ። ሚስት ቤት አለች።»

«ታዲያ እሱ ቀኑን እንዴት ያውቅ ነበር?»

«እሷ ትልካለች። ‹ቀኑ ደርሷል፣ ኦይታ ዘንድ ሂድ› ትላለች። ይመጣል።»

ዋሌ እኔን አልፎ ልጡን ለእናቴ የሰጠበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። «ነገ ጀምሩ» ያለውም ለእሷ ኖሯል፤ እኔ ከጠረጴዛ ላይ ሥራዋን ነጥቄ ሚስማር ላይ ሰቀልኩባት። ያንን ሁሉ መንገድ ገለባ ተሸክሜ ስመጣ ያልተሰማኝ ድካም በአንድ ጊዜ ወረደብኝ።

ኦይታ ባዶ ልጤ ላይ ስድስት ቋጠሮ አሠረ። «ለእሷ ስጥ። አንተ አትንካ» አለኝ። ጥቂት አሰበና ጨመረበት። «ይዘሃት ና። እሷ ትፈታ፣ አንተ ትበላ? አይሆንም። እሷ ካልመጣች አንተም አትምጣ።»

በከብት ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍሬ ተመለስኩ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ፊት ልጡን ዘረጋሁት።

«አንተም ትፈታ ነበር እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«ልፈታ አይደል እንዴ የሰቀልኩት!»

«እኔማ ያንን ሳጥንህን ስታይ ትውልና ትረሳዋለህ ብዬ ነው። ጎሕ ሲቀድ ወደ ጸሎት ስወጣ ገባ ብዬ አንድ ፈታ አደርግ ነበር።»

«ሲቀንስ አላየሽም?»

«አየሁ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ቀኑ ሮጠ አልኩ። ዘንድሮ ቀን ይሮጥብኛል፣ እርጅና ነው አልኩ።»

ቁጣዬ ሁሉ በዚያች መልስ ጠፋ። ቀስ ብዬ «አባዬ ራሱ ነበር የሚፈታው ትይን አልነበረም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ መች አልኩ? እሱ ነው ያለው።»

«ዝም አልሽው ታዲያ?»

«ሰው ሲያደንቀው ደስ ይለው ነበር» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔን ከፍቼ ለማሪከ የተጻፉትን የምስጋና ኢሜይሎች አንድ በአንድ አነበብኩ። «አንዲት ደቂቃ አትዛነፊም።» አፈርኩ። ስድስት ወር ሙሉ ማንም ስሜን ሳያነሣ ሲቀር ከንፈሬን እየነከስኩ ነበር የምውለው፤ አጠገቤ ግን በዚያው ሥራ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ነበረች። ያውም በዩሮ አይደለም።

ሰኞ ማሪከ ስለ ዓርቡ አንድም ቃል አልተናገረችም። የሥልጠናውን በር መክፈት ስላላወቀች አርባ ሰው ሃያ ደቂቃ ቆሟል፤ «አንዲት ደቂቃ እንዳትባክን» የሚለው ርዕስ ፊታቸው ላይ ተለጥፎ። ማክሰኞ ካላንደሯ ላይ እኔ ያላስገባሁት ነገር አየሁ። በገዛ እጇ ጽፋ የማታውቅ ሴት ጽፋለች፤ ሐሙስ ስምንት ሰዓት፣ «አጭር ውይይት፣ ኤልያስ»።

አጭር ውይይት ምን እንደሆነ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በስድስት ወር ውስጥ ለሦስት ሠራተኞች አጭር ውይይት ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ። ሦስቱም አሁን የሉም።

ሐሙስ ደግሞ ዝላዩ ነው።

ከቀረሁ የአባቴን ወዳጅነት በገዛ እጄ ቀበርኩት፤ ከሄድኩ ደግሞ ሥራዬን። በመጨረሻ የተቀጠርኩበትን ሥራ ሠራሁ። መባረሬን ወደ ዓርብ አዛወርኩት። እንደ ደንቡም «በፕሮግራም መደራረብ ምክንያት የተቀየረ፤ ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ» ብዬ ላክሁ። ማሪከ እንደ ሁልጊዜዋ ሳታነብ «እሺ» የሚለውን ተጫነች።

የቀረው እናቴን ማሳመን ነበር። «አልሄድም» አለች። «እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» አለች። ረቡዕ ጠዋት ግን የእሑድ ቀሚሷን አጥባ አሰጣችው። ለጸሎት ጓደኞቿ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ነው አለቻቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ቤት ሁለት ውሸት ወጣ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ የመጨረሻዋን ቋጠሮ ፈታች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት እንጂ አልነካሁም። ከዲመካ በእግር ስንሄድ ሦስት ጊዜ አረፈች፤ መጽሐፍ ቅዱሷን ከቦርሳዋ አላወጣችም፣ ቦርሳዋንም ለኔ አልሰጠችም። የቃጭሉና የጥሩንባው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ቆም አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

ኦይታ ሲያያት ከበርኩማው ተነሣ። እጇን ይዞ በሽማግሌዎቹ መካከል አሳለፋት። በሐመርኛ የተናገረው አልገባኝም፤ ጣቱ ግን ልጥ ሲፈታ አየሁ። ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ «እህ» አሉ። እናቴ አንገቷን ደፋች፤ ስትደሰት እንዲያ ነው የምታደርገው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብቶቹን ጎን ለጎን አሰለፏቸው። ጊኖ ሮጦ ሲወጣባቸው እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። ሁለተኛው ላይ ገለጠች። ጊኖ ከዳር እስከ ዳር በከብቶቹ ጀርባ ላይ ሮጦ ሲወርድ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲወጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ጠጋ ብል ትቆጥራለች።

«አራት» አለች ሲጨርስ፤ እንባዋ ወርዷል። «ያን ሁሉ ዘመን ስፈታ ስፈታ… ለካ የምፈታው ለዚህ ነበር።»

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ማሪከ በስክሪኑ ብቅ አለች። ፊቷ ኮስተር ብሏል።

«ያለፈው ዓርብ ምሰሶ ተጠገነ?» አለችኝ።

«ምሰሶ አልወደቀም» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አባቴን፣ ልጡን፣ ሁለቱን እጆች። አላቋረጠችኝም።

«ምሰሶውን አምኜህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ይኼኛውን ማመን ይከብደኛል።»

«አውቃለሁ» ብዬ የተፈታውን ልጥ ወደ ካሜራው አቀረብኩ። ይኼኔ እናቴ ከኋላዬ አንገቷን አስገብታ «አልጨረስክም? ምሳ ቀዘቀዘ» አለች።

«እሷ ናት?» አለች ማሪከ።

«እሷ ናት።»

እናቴ እጇን አወዛወዘችላት። ማሪከም ሳታስበው አወዛወዘች። ከዚያ ወደ ካላንደሯ ዓይኗን ጣለች። «ይህ ውይይት ትናንት አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። አዛወርኩት። ፈቅደሽበታል።»

«ልትባረርበት የነበረውን ስብሰባ አዛወርከው?»

«ትናንት የማይዛወር ነገር ነበረብኝ።»

አፏን በእጇ ሸፈነች። ሳቅ ይሁን ንዴት አልለየሁም። የሙከራ ጊዜዬን በሦስት ወር አራዘመችልኝ። እነሆ እስካሁን አለሁ፤ ፈቃዴንም ካላንደር ላይ አስቀድሜ አስገባለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር። ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ማሪከ «የቋጠሮ ዘዴ» የሚል አዲስ ሥልጠና ጀመረች። ስላይዱን የሠራሁት እኔው ነኝ። ግርጌው ላይ የእናቴን ስም ባስገባ «ስላይዱ ይጨናነቃል» ብላ አስወጣችው። ሆላንድ ውስጥ ኃላፊዎች አሁን ጠረጴዛቸው ላይ ገመድ እየቋጠሩ በየጠዋቱ ይፈታሉ። ተናደድኩ፣ ለእናቴም ነገርኳት። «ተዋት፣ ሰው ሲያደንቃት ደስ ይላት ይሆናል» አለችኝ።

ባለፈው ደግሞ ከአንድ ሠልጣኝ አቤቱታ መጣ። ገመዱን በደንቡ በየቀኑ እየፈታ ሳለ በግማሽ ጊዜ አለቀበት፤ ዘዴው አይሠራም ይላል። ማሪከ መልስ እንድሰጠው ለኔ መራችው። አንዲት መስመር ጻፍኩለት፤ «ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ?»

እስካሁን አልመለሰልኝም። እናንተም እስኪ በየቤታችሁ ጠይቁ። በሰዓቱ የደረሳችሁበትን፣ የተመሰገናችሁበትን ቀን ማን እንደቆጠረላችሁ እዩ። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ማዳበሪያ ገለባ በከንቱ ተሸክሜያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዋሌ ሌላ ልጥ ይዞ መጣ፤ የጊኖ ታናሽ ወንድም ሊዘል ነው። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። እናቴ ተቀብላው ስንት ቋጠሮ እንዳለው በጣቷ ዳሰሰችና የእሑድ ቀሚሷ ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ አንጠለጠለችው።